ማጅራቱን ለማዶ የሰጠው ሰው

የምሥራች! ተሻገረ! ዛሬ ረፋዱ ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየው መንገዱን ተሻገረ! ሳቄ እያመለጠኝ ነውና ፊደሌ ቢወላገድ አትፍረዱብኝ።

ማን ተሻገረ አትሉኝም? ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ ነዋ! መንገዱ እንደሆነ ሁለት መኪና በግድ የሚተላለፍበት ነው። ለእሱ ግን ባሕር ነበር። ማዶ ያለው ፀጉር ቤት ባለቤት የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው። መቀስ አያያዝ ያስተማረው ጎረቤቴ ራሱ፣ ሱቅ ሲከፍትም የመረቀው እሱ ራሱ። ታዲያ ምርቃቱ ያዘ፤ ማዶ ወንበር ጠፋ፣ ሰው ቆሞ ይጠብቅ ጀመር። ያኔ የጎረቤቴ ቆሽት አረረ። መስታወቱ ደግሞ፣ የፈረደበት፣ ማዶን ወለል አድርጎ ያሳያል። የራሱ ደንበኞች አግዳሚው ላይ ተደርድረው እየጠበቁት እሱ የማዶዎቹን ይቆጥራል።

እኔ ክርና የልብስ ቁልፍ እሸጣለሁ። ሱቃችንን የሚለየው ስስ ጣውላ ስለሆነ ጸሎቱን ሁሉ እሰማለሁ። ጸሎተኛ ነው። በየማለዳው መቀሱን ወልውሎ ይቆምና፣ «ጌታ ሆይ፣ እትዬን ባርክ» ይላል፣ እኔን ማለቱ ነው። ጫማ ጠጋኙን ባርክ፣ ዳቦ ቤቱን ባርክ፤ ሰፈሩን በተራ ያዳርስና ልክ ማዶ ሊደርስ ሲል ሳል ይይዘዋል። እህ፣ እህ! «አሜን።»

አንድ ቀን አላስችል አለኝና፣ «ያን ሳልህን ብትታይ ምን አለበት?» አልኩት።

«የምን ሳል?»

«ማዶ ስትደርስ የሚነሣብህን።»

አግዳሚው ላይ ቁጭ አለ። «እትዬ፣ በድሎኝ ቢሆን ይቅር እለው ነበር። ምንም አላደረገኝም እኮ! ምኑን ይቅር ልበለው?»



የባሰው የራሱ ፀጉር ነው። ፀጉር አስተካካይ የገዛ ማጅራቱን አያይም፤ የሰው እጅ ይፈልጋል። ማዶ ላለመሄድ ሁለት አውቶቡስ እየቀየረ ከተማው ጫፍ ድረስ ይሄድና ማጅራቱ ደረጃ ደረጃ ሆኖ ይመለሳል። ጫማ ጠጋኙ፣ «ዛሬ ደግሞ የማን ፍየል ጋጠህ?» ይለዋል።

ቤትም ያው ነው። ሚስቱን ወንድሟ ሊጠይቃት ሲገባ ባል ኮቱን አንሥቶ ይወጣል። «ባሌንና ወንድሜን ባንድ ገበታ ሳላይ ልሙት?» ብላ ሱቄ ውስጥ አልቅሳብኛለች። አንጀቴን የምትበላኝ እሷ ናት።

ዛሬ ታዲያ ወንበሩ ላይ ነገ ልጁን የሚድር ሹፌር ተቀምጧል። የጎረቤቴ እጅ ማሽኑ ላይ፣ ዓይኑ መስታወቱ ውስጥ፣ ማዶ። ጠርርር! ሹፌሩ ከጆሮው በላይ ዳሰስ ሲያደርግ ሜዳ አገኘ።

«ምን አደረግኸኝ አንተ ሰው! ነገ እኮ ልጄን ነው የምድረው!» ብሎ አንገቱ ላይ የታሰረውን ጨርቅ እያውለበለበ ወደ ማዶ በረረ።

«ጨርቄን!» እያለ ጎረቤቴም ተከተለው። መንገዱ ዳር ሲደርስ ግን እግሩ ተያዘ። እኔም ጥብጣብ እየለካሁ ነበር፤ እንደያዝኩት ወጣሁ።

ማዶ በሩ ክፍት ነው። ሹፌሩ፣ «ያ ዕውር ጉድ ሠራኝ!» ይላል። ወጣቱ የሹፌሩን ራስ አገላብጦ አየና፣ «ተው ጋሼ፣ ዕውር አትበለው፤ እኔን ያስተማረኝ እሱ ነው። ማሽን ከኔም ያመልጣል። ዙሪያውን ዝቅ ስናደርገው አይታወቅም፣ ተቀመጥ» አለው።

ጎረቤቴ ሰማ። ቢሰድበው ይሻለው ነበር፤ ፊቱ ላይ አየሁት። እህ ማለት ጀመረ፣ ያቺው ሳል! ዋጣት። ጥርሱን ነክሶ፣ መራራ መድኃኒት እንደሚጠጣ ሰው፣ «ጌታ ሆይ፣ እሱንም ባርክ» አለና ተሻገረ! እኔም ከነጥብጣቤ ተከተልኩት።

ሹፌሩን፣ «ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ፤ ዓይኔ እዚህ ነበር» አለው። ከዚያ እንደማንም ሰው ወረፋ ያዘ። ወረፋ! ተራው ሲደርስ ቁጭ አለና፣ «አስተካክለኝ» አለ።

ወጣቱ ማሽኑ ከእጁ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። «ጋሼ... እኔ?»

«ታዲያ ማን? ማጅራቴን አታየውም? ፍየል ጋጦታል!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሱ ግን «ቀስ! ከጆሮ ኋላ እንዲህ ነው ያስተማርኩህ?» እያለ ወጣቱን ሲያሠቃየው ቆየ። ሲያበቃ በትንሿ መስታወት እንከን ፈለገ፤ አጣ። «አቤት ሲያናድድ! እኔን ይበልጣል!» ብሎ ጮኸና ግንባሩን ሳመው። «ማታ ለራት እንዳትቀር» አለው፤ ሰምታችኋል?

ስንመለስ፣ «አለቀ እንግዲህ ቅናቱ?» ብለው ሳቀብኝ።

«ምን ያልቃል እትዬ! ያን ሰልፍ ሳይ አሁንም ያንገበግበኛል። ልብ እንደ ጢም ሳይሆን አይቀርም፤ ዛሬ ብትላጨው ነገ ብቅ ይላል። ጠዋት ደግሞ እያሳለኝም ቢሆን ጸሎቴን ማዶ ድረስ አደርሰዋለሁ።»

ሚስቱ እኮ ገና አልሰማችም! ውይ፣ ጫማ ጠጋኙ መርፌውን አስቀምጦ ተነሣ፤ ወደ እነሱ ቤት ነው የሚያየው። ይህን የመሰለ ወሬ እሱ ቀድሞኝ ሊነግራት? በቁሜ! ሱቄን ልዝጋና፣ ኧረ ሳልዘጋውም ቢሆን፣ ሄድኩ!