ማን ሞተ?

መቼ እንደነበር በትክክል አላስታውስም። ሰፈራችን ዶሮ ማነቂያ ግማሹ ፈርሶ በቆርቆሮ ከታጠረ በኋላ ነው። ይህን የማውቀው የለመድኩት መንገድ ተዘግቶ ወደ ጊዮርጊስ ለመውጣት ዙሪያ ጥምጥም እሄድ ስለነበር ነው። ክረምቱ ገብቶ ነበር ልበል? ጭቃው ትዝ ይለኛል። ዓመተ ምሕረቱን ግን ተዉኝ።

እኔ ለብዙ ዘመን የሰፈራችን እድር ጡሩምባ ነፊ ነበርኩ። ሰው ሲሞት ጎህ ሳይቀድ እነሳለሁ፣ እየነፋሁ በየመንደሩ እዞራለሁ፣ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት እጣራለሁ። ደመወዝ የለኝም። በምትኩ መዋጮ አልከፍልም፤ እኔም ባለቤቴም ስንሞት እንደ ማንኛውም እድርተኛ ተለፍፎልን፣ ድንኳን ተተክሎልን እንቀበራለን። ስምምነታችን ይኸው ነበር።

ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው። ጌታን ያገኘሁት በስተርጅና ነው፤ በሰፈሩ አነጋገር ጴንጤ ሆንኩ። ከዚያም የማታ የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ገባሁ። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ ልጆቼ ይሆናሉ። ጣቴን መስመሩ ላይ እያስኬድኩ ሳነብ "ሼባው ዘፍጥረትን ሳይጨርስ ጌታ ይመጣል" ይባባላሉ። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ምን አደርጋለሁ።

ባለቤቴ አልተከተለችኝም። "አንተ ወዳሻህ ሂድ፤ እኔን ጊዮርጊስ ይበቃኛል" አለች፤ ከዚያ በኋላ በዚህ ነገር አልተጨቃጨቅንም። ልጅ አልወለድንም፤ እሷም ዘመድ የላትም። አጠገባችን የነበሩት ጎረቤቶች ቤታቸው ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ገብተዋል። የሚያስጨንቃት አንድ ነገር ብቻ ነበር።

"የስንቱን ቀብር ወጥቻለሁ" ትለኛለች። "የእኔን ማን ሊወጣ ነው? አራት ሰው ተሸክሞኝ ሄዶ እንዳይጥለኝ። በደንብ አድርገህ ጥራኝ።"

ያኔ ኩላሊቷን ታማለች፤ እግሯ አብጧል። እጠራሻለሁ አልኳት።

ትምህርት ቤታችን ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ተከላ የሚባል ትምህርት አለ። የሚያስተምረን ሱፍ የሚለብስ ወጣት ነው። እያንዳንዱ ተማሪ በሰፈሩ ቤት ለቤት ወንጌል ይናገር፣ ሰው ይሰብስብ፣ የቤት ኅብረት ይጀምር ተባለ። እኔም መጽሐፍ ቅዱሴን ብብቴ ሥር ይዤ ወጣሁ።

እንግዲህ አስቡት። በዚያ ሰፈር እኔ በማለዳ በር ላይ ከቆምኩ ሰው ሞቷል ማለት ነው። የመጀመሪያውን በር የከፈተችልኝ ሴት ገና ስታየኝ እጇን ራሷ ላይ ጫነች።

"ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም፤ የምሥራች ይዤ ነው።"

"የምሥራች? አንተ?" በሩን ፊቴ ላይ ዘጋችው።

ቀጥሎ ያለው ሽማግሌ ጫማውን እያጠለቀ "ድንኳኑ የት ነው?" አለኝ። አረጋግቼ ስለ ዘላለም ሕይወት ስነግረው ጫማውን መልሶ አወለቀ። "ታዲያ እሱን ለመንገር ነው እኔን በድንጋጤ የምትገድለኝ?" ብሎ አስወጣኝ።

ከሁሉም የባሰው ግን ጠላ ሻጯ ዘንድ የሆነው ነው። ቤቷ ከቆርቆሮው አጥር ጥግ ነው። አንድ ልጇ ባሕር ተሻግሮ ዓረብ አገር እገባለሁ ብሎ ከወጣ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። እሷ ቤት የሄድኩት እንዲያውም ላጽናናት ነበር። በሩን ገለጥ አድርጋ ስታየኝ "ልጄን!" ብላ ተዘረረች። ጠጪዎቹ ብርጭቋቸውን እየጣሉ ወጡ፣ ሰው ተሰበሰበ፣ ደረቷን ትመታለች። "ኧረ እኔ ስለ ልጅሽ የማውቀው የለም!" ብዬ ብጮህ ማን ይሰማኛል። ነገሩ በመጨረሻ ሲገባት ተነሳች፤ የአተላውን ባልዲ አንስታ ከራሴ እስከ እግሬ ደፋችብኝ።

"አንተ ሰውዬ፣ ሁለተኛ ደጄን ብትረግጥ!"

ከዚያ ወዲህ ባለፍኩ ቁጥር ለጠጪዎቿ "ዝም በሉ፣ ሞት እያለፈ ነው" ትላቸዋለች። ይስቃሉ።

ይህን ክፍል ውስጥ ስናገር ተማሪው በሳቅ ፈረሰ። መምህሩም "አባባ፣ ሞትን መንገር ለምደዋል፤ ትንሣኤውን ይጨምሩበት እንጂ" አለኝ።

ሰፈሩ ግን አልሳቀም። ሰውዬው ሲመጣ ሞት ይሁን ስብከት መለየት አቃተን፣ ልባችን ሊፈነዳ ነው ብለው ለእድሩ ዳኛ ከሰሱኝ። ዳኛው አብሮኝ ያረጀ ሰው ነው። ጡሩምባውን አምጣ አለኝ። በጨርቅ ጠቅልዬ አስረከብኩት።

"መዋጮ ሳትከፍል የኖርከው ስለምትነፋ ነው" አለኝ። "አሁን አትነፋም። እድርተኛ አይደለህም ማለት ነው።"

"ከዛሬ ጀምሮ እከፍላለሁ።"

"ሰፈሩ እየፈረሰ አዲስ አባል አንቀበልም።"

"ባለቤቴስ?"

"እሷም የገባችው ባንተ ነው።"

ሊጠይቋት የመጡ ሴቶች ከእኔ ቀድመው ነገሯት። ስገባ ወደ ግድግዳው ዞራ ተኝታለች።

"ታዲያ በምን ልትጠራኝ ነው?" አለችኝ።

"በአፌ" አልኳት።

ያረፈችው ብዙም ሳይቆይ፣ አንድ ቀን ሊነጋጋ ሲል ነው። ዓይኗን ከደንኩና ቀጥታ ዳኛው ቤት ሄድኩ። ጋቢውን ተከናንቦ በር ላይ ቆሞ ሰማኝ። "ነፍስ ይማር። ግን ጡሩምባው ለእድርተኛ ነው። ዛሬ ላንተ ካስነፋሁ ነገ ማንን እከለክላለሁ?" አለና ገባ። መምህሬ ጋ ደወልኩ። መጀመሪያ የጠየቀኝ "ጌታን ተቀብላ ነበር?" ብሎ ነው። አልተቀበለችም አልኩት።  "እንግዲህ ይበርቱ አባባ። የሰኞውን ፈተና እንዳይረሱ" አለ።

ስለዚህ ባዶ እጄን ወጥቼ መጣራት ጀመርኩ። የሌላውን ሚስት ስንት ጊዜ ተጣርቻለሁ፤ የራሴ ሚስት ስም ላይ ስደርስ ግን ይቋረጥብኛል፣ እንደገና እጀምራለሁ። አንድ መስኮት ተከፈተ።

"አባባ፣ ዛሬ ደግሞ በሌሊት ጀመሩ? ነገ እንድናለን፤ ያስተኙን!"

"ሚስቴ ሞታለች!" አልኩ።

"እሰይ፣ ስብከቱ ተሻሽሏል!" አለ ሌላው ከውስጥ። ሲስቁ ይሰማኛል። አንዲት ሴት ገና ድምፄን ስትሰማ በሯን ስትቀረቅር ሰማኋት። ያን ጊዜ ስለ ወንጌል ስመጣ ሞት መስሏቸው አለቀሱ፤ አሁን ሞት ይዤ ስመጣ ወንጌል ነው ብለው ተኙ። ጸለይኩ ብዬ አልዋሽም። የያዘኝ ቁጣ ነበር፤ በእነሱም፣ በመምህሬም፣ ይቅር ይበለኝና በጌታም ላይ።

ከቆርቆሮው ጥግ ደረስኩ። ጭቃው ላይ፣ ጠላ ሻጯ ደጅ ቁጭ አልኩ። በሩ ተከፈተ። ባልዲውን ይዛለች። ዓይኔን ጨፈንኩ።

አልደፋችውም። ስገልጥ እጆቼን ታያለች።

"መጽሐፍህስ?"

"አልያዝኩም።"

"ጡሩምባውስ?"

"ወስደውብኛል።"

ባልዲውን ቀስ ብላ አስቀመጠች። "እትዬ ናቸው?"

በጣቴ ወደ ቤታችን አመለከትኩ።  ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና "ኡኡ!" ብላ ወጣች። የዚያች ሴት ጩኸት! ለልጇ ያጠራቀመችው ሁሉ ወጣ መሰለኝ። በየበሩ በጡጫ እየደበደበች "ተነሱ! ስንቱን የቀበሩላችሁ ወይዘሮ ሞተው ተኝታችኋል? ተነሱ፣ እናንተ የማታፍሩ!" ትላለች። ያን ጩኸት ስብከት ነው የሚል ጆሮ የለም። አንድ በአንድ ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ ወጡ።

ከሰዓት በኋላ ባለቤቴን ብዙ ሰው ቀበራት። የጥንቱ ጎረቤቶቻችን ሳይቀሩ ከኮንዶሚኒየም በታክሲ መጡ። ዳኛውም መጥቶ ከፊት ቆመ፤ በጡሩምባ እንደጠራት ሰው ሆኖ እጅ ይጨብጣል። ከትምህርት ቤቱ ማንም አልመጣም።

ሰኞ ፈተና ሄድኩ። "በሰፈርዎ ስንት ሰው ሰበሰቡ?" የሚል ጥያቄ ነበረው። ማንንም አልሰበሰብኩም ብዬ ጻፍኩ፤ ትምህርቱን ድገም ተባልኩ። እየደገምኩ ነው። እምነቴን አልተውኩም፤ ቤት ለቤት መሄዱን ግን ትቻለሁ።

የጠላ ሻጯ ልጅ እስከ ዛሬ ድምፁ የለም። በደጇ ሳልፍ አሁን ስለ ሞት አትቀልድም፤ መጀመሪያ እጆቼን ታያለች፣ ባዶ መሆናቸውን ስታውቅ ሰላም ትለኛለች። እኔም ገና ከሩቅ እጆቼን ዘርግቼ አሳያታለሁ። ያን ቀን ያሳለፈችኝ እሷ ናት፤ አተላ የደፋችብኝ ጠላ ሻጭ።