ስምንት ተኩል እገባለሁ

ነገሩ የሆነው አምና፣ ክረምት ሊገባ ሲል ነው። ዛሬም ሰው ሰዓት ሲጠይቀኝ ክው እላለሁ።

አዮ እያልን የምንጠራት እናታችን ማክሰኞ ጠዋት ነቀምቴ፣ ጨለለቂ ባለው ቤታችን አረፈች። ታናሽ እህቴ ሌሊሴ ዱባይ ሰው ቤት ስትሠራ ሰባት ዓመቷ ነው። መርዶ በስልክ አይነገርምና «አዮ ጠንቶባታል፣ ቶሎ ነይ» አልኳት።

ከሰዓት በኋላ መልሳ ደወለች።

«ትኬት አገኘሁ! ነገ ስምንት ተኩል አዲስ አበባ እገባለሁ። አዮ ትጠብቀኝ በልልኝ፣ ማሎ፣ እባክህ!»

ልቅሶዬ ሊያጋልጠኝ ስለነበር «እሺ» ብዬ ዘጋሁት። ሌላ ምንም አልጠየቅኳትም።

የዕድራችን ሽማግሌ ኦቦ ተሊላ ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። «ኢልማ ኮ፣ የኔ ልጅ፣ እህትህ ትደርሳለች? ቀብሩን ነገ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እናቆይላታለን» አሉኝ።

አስተማሪ ነኝና ሂሳብ አያቅተኝም። ከዱባይ አዲስ አበባ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አውሮፕላኑ በአራት ሰዓት ይጨርሰዋል። ከአዲስ አበባ እኛ ዘንድ ሦስት መቶ ሠላሳ የማይሞላው ደግሞ በመኪና ሰባት ሰዓት ይፈጃል። ከሰዓት በኋላ ስምንት ተኩል የገባ ሰው በዚያው ቀን ነቀምቴን አያያትም፤ ከመሸ በእኛ መንገድ የሚነዳ የለም።

«አትደርስም» አልኳቸው።

ረቡዕ በሰባት ሰዓት ቀበርናት።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ አንድ ኮንትራት መኪና ድንኳኑ ፊት ቆመ። ሌሊሴ ወረደች። ለአዮ የገዛችውን ሹራብ በክንዷ ይዛለች። ስልኳ አገር ቤት ስለማይሠራ መንገድ ላይ መደወል አልቻለችም ነበር። ድንኳኑን ስታይ «አዮ!» ብላ ጮኸች።

አልቅሳ አልቅሳ ሲወጣላት እኔን አየችኝ። «ቀብራችኋት ነው? ለምን አልጠበቃችሁኝም? ስምንት ተኩል እገባለሁ ብዬህ አልነበር?»

ያኔ ገባኝ። የእሷ ስምንት ተኩል የፈረንጁ ነው፤ የእኛ የጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል። ሰባት ዓመት በሰው አገር ሰዓት ስትተኛና ስትነሳ የእኛን አቆጣጠር ከአፏ ጥላዋለች። «ጠዋት ነው ከሰዓት?» ብዬ ብጠይቃት ኖሮ እናቷን ትሸኝ ነበር። ኦቦ ተሊላ ካሉት አሥራ አንድ ሰዓት ግማሽ ሰዓት ቀድማ ነው የደረሰችው እኮ።

እውነቱን ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ግን ስህተቱ ከራሷ አንደበት እንደወጣ ካወቀች ምን ትሆናለች? ፈራሁ።

«ቅበሩ ያልኩት እኔ ነኝ» አልኳት። ይህም ውሸት አይደለም።

በሳምንቱ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ስልኬን አታነሳም። ሹራቡ እስካሁን አዮ አልጋ ላይ ነው።

ብነግራት ይቅር ትለኛለች፤ ራሷን ግን መቼም ይቅር አትልም። ስለዚህ እናቴን ባጣሁ ማግስት እህቴንም አጥቼ ዝም ብያለሁ። ለእናንተ የጻፍኩት እሷ ዘንድ እንደማይደርስ ስለማውቅ ነው።