አሜን የማይባልበት ምርቃት

ኦትማር ፒስከ ቤት ቀለም ቀቢ ነበር። ከመወጣጫ ላይ ወድቆ ወገቡን ከተጎዳ በኋላ፣ በርሊን በሚገኝ የኪነ ጥበብ ዩኒቨርሲቲ፣ የሙዚቃው ሕንፃ በር ላይ ባለች ጠባብ የመስታወት ክፍል ውስጥ ሥራ አገኘ። ሥራው ለተማሪዎች የመለማመጃ ክፍሎችን ቁልፍ መስጠትና መቀበል ነው። ከላይ ፒያኖ፣ ከታች ከበሮ፣ በፊቱ ዳንሰኞች እያነከሱ ሲያልፉ፣ እሱ መሀል ተቀምጦ ዳቦውን በቋሊማ ይገምጣል። «ወድቄ እንዲህ ያለ ቦታ ማረፌ የእግዜር ሥራ ነው» ይል ነበር፤ ሲል ደግሞ ከልቡ ነው።

በዚያ ቤት አንድ ሕግ አለ። ተማሪ ለፈተና ወይም ለመድረክ ሲሄድ፣ ያየው ሁሉ በግራ ትከሻው ላይ ምራቅ እንደመትፋት እያለ «ቶይ፣ ቶይ፣ ቶይ» ይለዋል። እንትፍ እንትፍ ብሎ እንደመመረቅ ነው፤ ግን አሜን አይባልበትም። «አመሰግናለሁ» ያለማ ዕድሉን በገዛ አፉ አባረረ ማለት ነው። መልሱ «መበላሸቱ አይቀርም» ነው፤ በቃ። ኦትማር በሌላው ነገር ሁሉ ይቀልዳል፤ በዚህ ግን ቀልድ አያውቅም።

ስቫንትየ የምትባል፣ ከሰሜን ባሕር ዳርቻ የመጣች የዘፈን ተማሪ ነበረች። የመጀመሪያ ዓመት ፈተናዋ ዕለት በመስኮቱ ስታልፍ ኦትማር ቶይ ቶይ ቶይ አላት። እሷ ደግሞ ጨዋ ቤት ያደገች ናትና «አመሰግናለሁ፣ አቶ ፒስከ» ብላ ደረጃውን መውጣት ጀመረች። ኦትማር የወገቡን ነገር ረስቶ ከክፍሉ ተስፈንጥሮ ወጣ።

«ቁሚ! መልሺ!»

«ምኑን?»

«ያልሽውን ነዋ። ምስጋናሽን መልሰሽ ውሰጂ።»

«እንዴት አድርጌ? ካፍ ከወጣማ አፋፍ ነው።»

«እዚህ ቤት ይመለሳል። እንጨት ማንኳኳት ክፉ ዕድል ያርቃል፤ በይ ያንን የደረጃ መደገፊያ አንኳኪና እንደ ሰው መልሺልኝ።»

ልጅቷ እየሳቀች እንጨቱን አንኳኳች። «ምስጋናዬን ወስጃለሁ፤ መበላሸቱ አይቀርም» ብላ ወጣች፤ ፈተናውንም አለፈች። ከዚያ ወዲያ ቁልፍ ልትወስድ በመጣች ቁጥር ሳታሾፍበት አትሄድም።

ሚስቱ ሃነሎረ ይህን ስትሰማ የታያት ሌላ ነገር ነው። «አይ ኦቴ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ስትተፋላቸው ኖረህ አንድም ቀን አመስግነውህ አያውቁም ማለት ነው?»

«ክልክል ነው አልኩሽ እኮ።»

«እንዴት ይመቻቸዋል አንተ!»

ሃነሎረ ዓይኗ ከጠፋ ቆይቷል። ጋዜጣውን በየቀኑ ከፊት ገጹ እስከ ሙት ማስታወቂያው የሚያነብላት እሱ ነው፤ ፖለቲከኞቹን በአፍንጫው፣ እግር ኳሱን በጩኸት። ዓለም ለእሷ የኦትማር ድምፅ ናት። ተማሪዎቹም ይህን ስለሚያውቁ፣ ኮንሰርት ባለ ቁጥር የፊት ወንበር ይይዙላታል፤ ክንዷን ደግፎ የሚያስቀምጣት አይጠፋም። ኦትማር ይህን ሲያይ ሳግ ይተናነቀዋል።

ኋላ ግን ጉሮሮው በእውነት ተያዘ። ድምፁ እየሻከረ ሲሄድ ሐኪም ዘንድ ቀረበ። በድምፅ አውታሩ ላይ እባጭ ተገኘ። «ክፉ በሽታ አይደለም፤ በቀዶ ሕክምና ይወጣል» አለው ሐኪሙ፤ «ድምፅዎ ይመለሳል ብዬ ግን ቃል አልገባም።» ኦትማር ሞትን አልፈራም። የፈራው ለጋዜጣው ነው። ድምፅ የሌለው ባል ለማታይ ሴት ምን ይሆንላታል?

ሆስፒታል በሚገባበት ጠዋት ቁልፎቹን ለተተኪው ሊያስረክብ ሄደ። ስቫንትየ መስኮቱ ሥር ቆማ ስትጠብቀው አገኛት። ትምህርቷን ጨርሳለች፤ የመጣችው ለእሱ ብላ ነው። ወደ ግራ ትከሻው ጠጋ ብላ «ቶይ፣ ቶይ፣ ቶይ» አለችው።

ኦትማር ሲመርቅ ኖረ እንጂ ተመርቆ አያውቅም። ሊያመሰግናት ፈለገ፤ ለመስኮቱ፣ ለፒያኖው፣ ለሃነሎረ ወንበር፣ ክንዷን ለደገፉት ልጆች ሁሉ። ነገ ድምፅ ላይኖረው ይችላል፤ ዛሬ ካልተባለ መቼ ሊባል ነው? «አመ...» ብሎ ጀመረ።

«ዋ፣ አቶ ፒስከ!» አለች ጣቷን ቀስራ።

ከንፈሩን ነከሰ። «መበላሸቱ አይቀርም» አለ በሻከረ ድምፁ። ታክሲው ውስጥ ሆኖም የመጨረሻ ቃሌ ይህቺ ሆና ትቀር ይሆን እያለ ሲብሰለሰል ሄደ።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ማንሾካሾክ እንኳ ተከለከለ። ሃነሎረ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ እጁን ትይዛለች፤ አንዴ ከጨበጣት እሺ፣ ሁለቴ ከጨበጣት እንቢ ነው። «ስትጠይቀኝ እንዲህ ዝምተኛ ብትሆን ኖሮ ቶሎ አገባህ ነበር» ትለዋለች። ቀልዱ ሲያልቅ ግን እጁን አትለቅም።

የዝምታው ጊዜ ሲያበቃ ሐኪሙ ሁለቱንም ፊቱ አስቀምጦ «እስቲ አንድ ቃል፤ የፈለጉትን» አለ። ኦትማር ቃሉን አስቀምጦ ነበር። «አመሰግናለሁ» አለ። የወጣው ድምፅ ወፍራም፣ አሸዋ የገባበት፣ እሱ ራሱ የማያውቀው ነው። ሃነሎረ አንገቷን ዘንበል አድርጋ አዳመጠች።

«ማነው እሱ?» አለች።

«እኔ ነኝ።»

«የሰከረ መርከበኛ መስለሃል።» እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። «ይለመዳል። የዛሬውን ጋዜጣ ገዝተሃል?»

ወደ ቤት ሲመለሱ በዩኒቨርሲቲው በኩል እንለፍ አለ። ሃነሎረ እንዲህ እንደሚል አውቃ አስቀድማ ደውላላት ኖሮ ስቫንትየ በሩ ላይ ቆማለች። ኦትማር ሰላምታም ሳያስቀድም «አመሰግናለሁ» አላት። «አሁንማ ይቻላል፤ ነገሩ አልፏል።»

«ከተቻለ እኔም አለብኝ» አለች ስቫንትየ። «የመጀመሪያ ዓመት ላይ መልሰሽ ውሰጂ ያሉኝ ምስጋና። እስከ ዛሬ ይዤው ነው የቆየሁት። አመሰግናለሁ፣ አቶ ፒስከ።»

ሃነሎረ በደንብ ሰምታ እያለች የኦትማርን ክንድ ነቅነቅ አደረገች።

«ምን አለች ኦቴ? አንብብልኝ እስቲ።»

እሱም በዚያ ሻካራ ድምፁ ቃል በቃል አነበበላት።