ማኅበሩ የት ከተመ

የልብስ ሰፊ ሴቶች ማኅበር ከተመሠረተ ጀምሮ ስብሰባውም ሥራውም እትዬ መቀስ ሳሎን ነበር። መቀስ ያሏት ለእጇ ብቻ አይደለም፣ ምላሷም ያው ነው። የማኅበሩ ሰሌዳ በሯ ላይ ሲሰቀል "ምን ቸገረኝ" ብላ ነበር፤ ልቧ ግን ቅቤ ጠጥቷል።

ታዲያ ከመንገዱ ማዶ፣ ከጥርሷ ፈገግታ የማይጠፋ፣ "ፈገግታ" የሚሏት ልብስ ሰፊ ባለመስታወት ሱቅ ከፈተች። አባላቱም "ብርሃን አለው፣ አየር አለው" እያሉ ወደዚያ ለመዛወር ወሰኑ። መቀስ አንጀቷ አረረ። ያቺ ጥርሷን እያሳየች የሰው ማኅበር ትውሰድ?

መተዳደሪያ ደንቡን የሚያረቀው አስተማሪው የመቀስ ወንድም ነው። "ማኅበሩ በፈገግታ ሱቅ ከትሟል" ብሎ አነበበላት።

"ከትሟል ደግሞ ምንድን ነው? ተቀምጧል አትልም?"

"ድሮ የጦር አለቃው ድንኳኑን ሲተክል ሰዉ ዙሪያውን ይሰፍር ነበር። መክተም ማለት እሱ ነው። ሰፈሩ ሲሰነብት ከተማ ሆነ። ዛሬ ለድርጅትም እንለዋለን።"

"እንግዲያው ድንኳኑ የኔ ጠረጴዛ ነው። እሱን ትተው የትም አይሄዱም።"

እውነቷን ነው፣ ረጅሙን የጨርቅ መቁረጫ ጠረጴዛ አናጢው ባሏ እዚያው ሳሎን ውስጥ ስለሠራው በበር አይወጣም። ሴቶቹ መጥተው ገፉት፣ አጋደሙት፣ አልሆነም። መቀስ እጇን አጣጥፋ በሆዷ ሳቀች።

"በሉ እንግዲህ፣ ስትመለሱ በሩ ክፍት ነው" አለቻቸው።

አልተመለሱም። ሰኞ ጠዋት ሳቃቸው ከማዶ ተሰማት። አላስችላት ብሎ ሄዳ በመስታወቱ አየች። ወለሉ ላይ ምንጣፍ ዘርግተው፣ ተንበርክከው ይቆርጣሉ። ፈገግታ መሃል ቁጭ ብላለች፣ ሁሉም ዙሪያዋን ተኮልኩሏል። ጠረጴዛ ትዝ ያለው የለም።

ቤቷ ተመልሳ ጠረጴዛው ጥግ ተቀመጠች። ያን ሁሉ ርዝመት ለብቻዋ። እንባዋ መጣ፤ ንዴት ነው ብላ ዋጠችው።

ባሏ ለምሳ ሲገባ "መጋዝህን አምጣ" አለችው። "ለሁለት ክፈለውና ማዶ ግጠመው።"

"ያን ሁሉ አምተሻት ለፈገግታ ልትሰጪ?"

"ለማን እንደሆነ አትጠይቀኝ። ቁረጥ።"

ከሰዓት በኋላ ግማሽ ግማሹን ተሸክመው ፈገግታ ሱቅ ገቡ። ጠረጴዛው ሲገጠም ፈገግታ ራስጌውን በእጇ ጠረግ አደረገችና "እትዬ፣ ያንቺ ቦታ እዚህ ነው" አለቻት።

ይሄስ ባሰ። አሁን ደግሞ በደግነቷም ልትቀናባት ነው። ቢሆንም ተቀመጠችና መቀሷን አወጣች።