ደረቅ በሶ

ሲሬ መናኸሪያ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት የበሶ ቋጠሮዋን ስትፈታ ሽታው ወደ ልጅነቴ መለሰኝ።

ነቀምቴ ጎረቤታችን የነበሩት፣ ሁላችንም እንደ አያት አኮ የምንላቸው ጫልቱ፣ ጣልያን ከመግባቱ በፊት፣ ገና ኮረዳ ሳሉ፣ በአንድ ባላባት ግቢ ሌባ አውጥተው ስማቸው የገነነ አሮጊት ነበሩ። ሰባት ዓመት ሳይሞላኝ የብር ቀለበታቸው ጠፋና የሰፈሩን ልጆች ሰብስበው ደረቅ በሶ አቃሙን።

«የሰረቀ አፍ ምራቅ የለውም» አሉን። «የባላባቱን ገረድ የያዝኳት በዚህ ነው። እያለቀሰች ተገርፋ ተባረረች።»

ሌሎቹ ዋጡ። እኔ ቀለበቱን በዓይኔም አላየሁት፤ ግን ግርፋቱን ሳስብ ምላሴ ላንቃዬ ላይ ተጣበቀ፣ በሶው እንደ አሸዋ አፌ ውስጥ ቀረ። አኮ ክንዴን ጨምድደው ሲይዙኝ ሽንቴ አመለጠኝ።

ሲጎትቱኝ የነጠላቸው ጫፍ ጉንጬን መታኝ። ቋጠሮ ነበረው። ፈቱት። ቀለበቱን ለካ ራሳቸው ቋጥረው ረስተውት ኖሯል።

መሬት ላይ ቁጭ አሉ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ካልሰረቅሽ አፍሽን ምን አደረቀው?»

«ፈርቼ ነው።»

ቀለበቱን መልሰው ሊቋጥሩ ጀምረው ተውት።

«ያቺ ገረድም እንዲህ ነበር ያለችኝ» አሉ።

የመናኸሪያዋ ሴትዮ በሶዋን ዘርግታ «እንብላ» አለችኝ። እሺ ልላት ብል አፌ ኩበት ሆኗል።