መስቀል ያልተቀበለ ሐሳብ

ባለፈው እሁድ በእህቴ ልጅ ሰርግ ላይ ሰው ሁሉ ዞሮ እስኪያየኝ ድረስ ጮህኩ። በዚህ ዕድሜዬ፣ ያውም አምሬና ደምቄ፣ የሐበሻ ቀሚሴን ለብሼ! ሰርጉ ሮቤ ውስጥ አንድ አዳራሽ ነበር። ምግቡ እንደ አገራችን ደንብ ሁለት ቦታ ተሰናድቷል፤ በቀኝ በኩል ክርስቲያን ያረደው፣ በግራ በኩል ሙስሊም ያረደው። አንዲት ለጋ አስተናጋጅ ከግራው ድስት ላይ ክዳኑን አነሳችና ማስቀመጫ ብታጣ ይዛው ወደ ቀኙ ጠረጴዛ መሄድ ጀመረች። ያን ሳይ ምን እንደነካኝ አላውቅም። «ክዳኑን መልሺ! አንቺ ልጅ፣ ክዳኑን!» አልኩ። ሙዚቃው ባይኖር ኖሮ ጎባ ድረስ ይሰማ ነበር።

ልጅቷ ደንግጣ ክዳኑን ልትጥለው ምንም አልቀራት። የሙሽራዋ እናት፣ እህቴ ሰላማዊት፣ መጀመሪያ ገላመጠችኝ፤ ወዲያው ግን ነገሩ ገባትና አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ከግራው ጠረጴዛ አጠገብ የተቀመጡት አደ ፋጡማ ደግሞ ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ። አደ ፋጡማ፣ አደ በኦሮምኛ እመት እንደማለት ነው፣ የልጅነት ጎረቤታችን ናቸው። አርጅተዋል፤ ዓይናቸውም ደክሞ ሰው በድምፁ ነው የሚለዩት። «ትዕግስት ናት አይደል? ዛሬም አልለቀቃት!» አሉ። በእርግጥም አልለቀቀኝም። የሆነውን ልንገራችሁ።

ያደግነው ጎባ ነው። አባታችን ጌታነህ የቢሮ ሠራተኛ ነበር። እናታችን ገና ልጆች ሳለን ስላረፈች ቤቱን የያዘችው የአባባ እህት እቴቴ የሺ ናት። እቴቴ የሺ ሁሉን ነገር በሩጫ የምትሠራ፣ የልቧን በአፏ የምታወጣ፣ ደግሞ ለቤታችን ስም የምትሞት ሴት ነበረች።

አባባ ግን ዝግ ያለ ሰው ነበር። አንድ የሚገርም ልማድ ነበረው። ሌላው ሰው ማዕድ ሲቀርብ ያማትባል፣ ሲተኛና ሲነሳ ያማትባል። እሱ ደግሞ ሐሳብ ላይ ያማትብ ነበር። ቢሮ ውስጥ ያስከፋው ሰው ቤት ድረስ ትዝ ሲለውና ነገ የሚመልስለትን ቃል ሲያዘጋጅ፣ ወይም ባለሱቁ ያታለለው ሲመስለው፣ በአውራ ጣቱ ግንባሩ ላይ ትንሽ መስቀል ይሠራና ጸጥ ይላል። «ሐሳቡ ክርስትና ይነሳ እንደሆነ አየዋለሁ» ይለን ነበር። «መስቀል ከተቀበለ አደርገዋለሁ፤ ካልተቀበለ እተወዋለሁ።» እኛ እንስቅበት ነበር። እቴቴ የሺማ «አንተ ሰውዬ፣ ግንባርህ ሊላጥ እኮ ነው!» ትለዋለች።

በአጥር የምንዋሰናቸው ሐጂ አማን ናቸው፣ የአደ ፋጡማ ባል። ከብት ነጋዴ ነበሩ። ለንግድ ወደ ቆላው፣ ወደ ብድሬ ወርደው ሲከርሙ ቤታቸውን የሚጠይቀው፣ የታመመ ልጅ ካለ ሐኪም ቤት የሚወስደው አባባ ነው። እኛ የስቅለት ዕለት ቤተ ክርስቲያን ስንውል ደጃችንን የሚጠብቁት አደ ፋጡማ ናቸው። ሁለቱ ወንዶች ማታ ማታ አጥሩ ላይ ተደግፈው፣ ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በአማርኛ ሲያወሩ ያመሹ ነበር። ምን እንደሚያወሩ እግዜር ይወቀው። ስለ ዝናብ ይመስለኛል።

ሰላማዊት ስትዳር እኔ የሃያ ዓመት ልጅ ገደማ ነበርኩ። በሬው በእኛ ሰው እጅ በስመ ሥላሴ ታረደ። ለሙስሊም እንግዶቻችን የሚሆነውን በግ ሐጂ አማን ራሳቸው ቢስሚላህ ብለው አረዱ። አደ ፋጡማ በጉን በራሳቸው ቢላና በራሳቸው ጭልፋ ከጓሮው ወዲያኛው ጥግ ሲሠሩ አደሩ ማለት ይቻላል። ድስቶቹ ሁሉ የዕድር ስለሆኑ አንድ ዓይነት ናቸው። ስለዚህ አደ ፋጡማ የበጉን ድስት ክዳን እጀታ በቀይ ክር አሰሩት። «ትዕግስቴ፣ የኛን ሰዎች የምታስተናግጂው አንቺ ነሽ። ቀይ ክር ካለበት ብቻ አውጪ» ብለውኝ ልብስ ሊቀይሩ ወደ ቤታቸው ሄዱ። እሺ አልኩ። ምን ከባድ ነገር አለው?

ጥር ነበር። ሲናና በኩል ስንዴው ታጭዶ ሜዳው በሙሉ ገለባ ብቻ ሆኗል፤ ሰማዩም ከጠዋት ጀምሮ ጥርት እንዳለ ነው። ባሌ ግን ባሌ ነው። ምሳ ሊቀርብ ሲል ከሳነቴ ተራራ በኩል ደመና ወረደና፣ ዝናብ ልበለው በረዶ፣ ለቀቀው። የጓሮውን ሸራ ነፋሱ ገነጠለው። ክዳኖቹ ከየድስቱ ላይ እየተነሱ ጭቃው ላይ ተንከባለሉ። ሴቶቹ እየተጯጯሁ ድስቱን ለሁለት ለሁለት ተሸክመው ወደ ማድ ቤት ሮጡ፤ ሌላዋ ክዳን ለቅማ አጥባ ከደነች። ዝናቡ ጋብ ሲል ሁሉ ነገር በቦታው ነበር። ቀይ ክር ያለበት ክዳንም ድስቱ ላይ ቁጭ ብሏል። ከእሱ አወጣሁ፤ ሐጂ አማንና እንግዶቹ ወደተቀመጡበት ሳሎን ወሰድኩ። አደ ፋጡማም ተመልሰው እዚያው ከሴቶቹ ጋር ተቀምጠዋል። «ብሉልን፣ ብሉልን» እያልኩ ዞርኩ።

ልጨምርላቸው ተመልሼ ጭልፋውን ወደ ታች ስሰድ ከባድ ነገር ያዘኝ። ሳወጣው ክንዴን የሚያህል ቅልጥም ነው። ቆሜ አየሁት። በግ ይህን የሚያህል ቅልጥም ከየት ያመጣል? አጠገቡ ያለውን፣ ክር የሌለበትን ድስት ከፈትኩ። ቀጫጭን የበግ አጥንት! ክው አልኩ። ጭልፋው ከእጄ ወደቀ።

እቴቴ የሺ እየሮጠች መጣች። «ምን ይገትርሻል? ጨምሩልን እያሉ እኮ ነው!» በጣቴ አሳየኋት። ሁለቱንም ድስቶች አየች። «ወይኔ የሺ! ጉድ ሆንኩ!» ብላ ደረቷን ደቃች። ቀጥላ ግን የማድ ቤቱን በር ዘጋችው።

«ስሚኝ» አለች በሹክሹክታ። «ማንም አላየም። በርበሬና ቅቤ የገባበትን ሥጋ ማን ይለየዋል? ሳያውቁ የበሉት ደግሞ ኃጢአት አይሆንባቸውም። ብንነግራቸው ነው የምንጎዳቸው። አሁን ከትክክለኛው ጨምሪላቸውና አፍሽን ዝጊ።»

እውነቱን ልናገር? ደስ አለኝ። ምክንያቱ ከመጥፎነት ይልቅ ደግነት ይመስላል እኮ። እንዲያውም ወደ ድስቱ ልቀርብ ስል አባባ በሩን ከፍቶ ገባ። ሁለታችንን አየ፣ መሬት የወደቀውን ጭልፋ አየ፣ «ምን ተፈጠረ?» አለ። እቴቴ የሺ ነገሩንም ምክሯንም አንድ ላይ ነገረችው። ሙሽራው መንገድ ላይ እንደሆነ፣ የሰው ዓይን እንዳለ፣ ሰላማዊት እንዳታዝን፣ ሁሉንም።

አባባ አውራ ጣቱን ወደ ግንባሩ ወሰደ። ሁልጊዜ ቶሎ የሚወርደው ጣት ያን ቀን እዚያው ቆየ። አንዴ ሠራ፤ ቆየና ደግሞ ሠራ። ቆርቆሮው ላይ የቀረው ዝናብ ጠብ ጠብ ይላል።

«እምቢ አለኝ የሺ» አለ በመጨረሻ። «ይህ ሐሳብ መስቀል አልቀበል አለ።»

«ምን ማለት ነው ደግሞ?»

«ለነሱ ማዘን መስሎኝ ነበር። ደህና አድርጌ ሳየው ያዘንኩት ለራሴ ነው። ሰርጌ እንዳይበላሽ፣ ስሜ በክፉ እንዳይነሳ።»

«እሺ ይሁን፤ ሐጂን ብቻ ጠርተህ በጆሮው ንገረው!»

«የበሉት ሁሉም ናቸው» አለና ወጣ።

እቴቴ የሺ ነጠላውን ይዛ ልታስቀረው ሞከረች። እኔም ተከተልኩት። እውነቱን ይናገራል ብዬ አላመንኩም። እስከ በሩ ድረስ፣ ሳሎን ከገባም በኋላ እንኳ አንድ ሌላ ነገር ተናግሮ የሚወጣ መስሎኝ ነበር።

«ወንድሞቼ፣ እህቶቼ» አለ አባባ። «እጃችሁን ከማዕዱ አንሱ። ያቀረብንላችሁ የበሬው ወጥ ነው። ያረደው የኛ ሰው ነው። ዝናቡ ሲመጣ ክዳን ተቀያይሮ ነው፤ አውቀን ያደረግነው አይደለም። ግን የሆነው በኔ ቤት ነውና ጥፋቱ የኔ ነው። ይቅር በሉኝ።»

 ጉርሻ ይዞ እጁ አየር ላይ የቀረ ሰው ነበር። አንዲት ሴት «ያ ረቢ!» አለች። ሐጂ አማን አባባን ትክ ብለው አዩት፤ ፊታቸው ላይ ቁጣ ይሁን ሌላ ነገር መለየት አልቻልኩም። ተነሱ፣ ወጡ፣ ደጅ ባለው ባልዲ አፋቸውን ተጉመጠመጡ። «ሰማሁ ጌታነህ» ብቻ ብለው በአጥሩ በር ሄዱ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሏቸው። አደ ፋጡማ በአጠገቤ ሲያልፉ ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም።

ሙሽራው በመኪና ጥሩምባ ሲደርስ ሳሎኑ ባዶ ነበር። ሰላማዊት ነገሩን ሰምታ ኩሏ ጉንጯ ላይ ወርዷል። «አባባ፣ በሰርጌ ቀን!» አለችው። እቴቴ የሺም እስኪመሽ አላናገረችውም። እኔም በልቤ ተናድጄበት ነበር። የስንት ዘመን ጉርብትና፣ ለአንድ ጉርሻ! በማግሥቱ ማታ አጥሩ ላይ ብቻውን ተደግፎ ሳየው ግን አሳዘነኝ። ወዲያኛው ግቢ ውስጥ ሰው ይሰማል፤ ወደ አጥሩ የመጣ ግን የለም።

የመልሱ ዕለት ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ሐጂ አማን በአንድ እጃቸው በግ ይዘዋል፣ በሌላው የማረጃ ቢላቸውን። ከኋላቸው አደ ፋጡማ በቅቤ ያበደ የገብስ ጭኮ በገበታ ይዘው ቆመዋል። ዓይኔን አላመንኩም።

«ነጋ ዳ፣ ጌታነህ?» አሉ ሐጂ፣ በኦሮምኛ ሰላም ነው ወይ ሲሉ።

አባባ ከወንበሩ ተነስቶ ቆመ።

«የመጀመሪያዋን ጉርሻ ሳላምጥ ነው ያወቅሁት» አሉ። «በጉን ያረድኩት እኔ! ዕድሜዬን ከከብት ጋር የኖርኩ ሰው የበሬ ሥጋ የማልለይ መሰለህ? ፋጡማን አየኋት፤ እሷም ገብቷታል። ሰርግህን እንዳላበላሽ ዝም አልኩ። በልቤ ግን ‹ጌታነህ ናቀኝ፤ አውቆ አበላኝ› አልኩ። ወላሂ፣ ሁለተኛ ይህን ደጅ አልረግጥም ብዬ ጨርሼ ነበር። ምክንያቱንም እስክሞት አልነግርህም ነበር። እንዲህ እያሰብኩ ነው አንተ የገባኸው።»

እቴቴ የሺ የያዘችው ሰፌድ ከእጇ ወደቀ። «በስመአብ!» ብላ መሬቱ ላይ ዘጭ አለች። ማንም አላየም ባልነው ጊዜ እሳቸው አፋቸው ውስጥ ይዘውት ነበር! ዝም ብንል እሳቸውም ዝም ብለው ወጥተው፣ ሰላምታው ይቀራል፣ አጥሩ ላይ መደገፉ ይቀራል፣ እኛም ዕድሜ ልካችንን ‹ሐጂ ምን ሆነው ራቁን?› ስንል እንኖር ነበር።

«ታዲያ ከነገርኩህ በኋላ ለምን ጥለኸኝ ሄድክ?» አለ አባባ።

«አፍሬ ነዋ!» አሉ ሐጂ። «ስለ አንተ ያሰብኩትን አስቤ፣ ዓይንህን ማየት አቅቶኝ! አንተ አጠፋሁ ብለህ ስትቆም፣ የኔን ሐሳብ ግን ያየው አላህ ብቻ ነው።» ከዚያ በጉን ወደ ጓሮ እየጎተቱ፣ «ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት የቀረበልኝን ማን አረደው ብዬ አልጠይቅም። የማይሆን ከሆነ ትነግረኛለህ» አሉ። አባባ አለቀሰ። ሲያለቅስ ያየሁት እናታችን ከሞተች ወዲህ ያን ቀን ነው።

ሁለቱም ዛሬ የሉም። እኔ የአባባን ልማድ ልይዘው እሞክራለሁ፤ ሁልጊዜ አልችልም። በጎባ ሮቤ ሚኒባስ ውስጥ ትርፍ ሰው ጭኖ ጉልበቴን የሚያጣብቀኝን ረዳት ስሳደብ አውራ ጣቴ የት እንደሚሆን አላውቅም። ክፉ ሐሳብ በግልጽ ሲመጣስ ደህና ነው፣ ያስታውቃል። የሚያስደነግጠኝ እንደ እቴቴ የሺ ምክር ደግነት ለብሶ የሚመጣው ነው። ያኔ ለመቀበል ምንም አልቀረኝም ነበር፤ አባባ ትንሽ ቢዘገይ ኖሮ ከበጉ ጨልፌ ሄጄ ነበር።

እሁድ ዕለት ክዳኑ ወደ ቦታው ከተመለሰ በኋላ ለአደ ፋጡማ ምሳቸውን ራሴ አወጣሁላቸው። እንደ ጅል ሁለት ጊዜ ወደ ድስቱ ጎንበስ ብዬ አየሁ። ሳህኑን ጉልበታቸው ላይ ሳስቀምጥ ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዞሩ።

«ያወጣሽው አንቺ ነሽ?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ፣ አደ።»

ቢስሚላህ ብለው ጎረሱ።