እኔና ገዛኸኝ ኪፑር ቀን የበላነው

ትናንት ኪፑር ነበር... እኛ ድሮ ጎንደር ሳለን አስተሰርዮ የምንለው ታላቁ ጾም። እኩለ ቀን ላይ እዚህ እስራኤል፣ ራማት ኤሽኮል ሰፈር ካለው ቤቴ ግማሽ ዳቦ ነጠላዬ ሥር ደብቄ፣ እንደ ሌባ ግራ ቀኝ እያየሁ ወጣሁ።

ከመፍረዳችሁ በፊት ስሙኝ። ስኳር በሽታ አለብኝ፤ በቀን ሁለት ጊዜ መርፌ እወጋለሁ። ሐኪሙ ጾም ከልክሎኛል። ረቢውም ብላ ብሏል። ያልፈቀድኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ከአምስት ዓመት በፊት በዚሁ ቀን ጸሎት ቤት ውስጥ ተዝለፍልፌ ወደቅሁ። ያነሳችኝ ውባለም ነበረች፣ የክሊኒካችን ነርስ። ዕብራይስጥ ለማንሰማ ሽማግሌዎች ሐኪሙ ፊት አፋችንም ጆሯችንም እሷ ነበረች።

በዓመቱ ኪፑር ቀን፣ ልክ በስድስት ሰዓት በሬ ተንኳኳ። መኪና የማይነዳበት ቀን ስለሆነ ከምትኖርበት ከሺምሾን ሰፈር በእግሯ ነው የመጣችው።

«አባባ፣ ራበኝ» አለችኝ።

«በዛሬ ቀን? አንቺ ልጅ፣ ከፈረንጅ ጋር ውለሽ ሃይማኖትሽን ጣልሽው?»

«ስኳር አለብኝ እኮ፣ ከአሥራ ሦስት ዓመቴ ጀምሮ። ካልበላሁ እወድቃለሁ። ብቻዬን ስበላ ደግሞ ያሳፍረኛል።»

እንግዲህ ምን ላድርግ? በእኛ ወግ እንግዳ አቅርበውለት ብቻውን አይበላም። ለእሷ ስል አብሬ ቆረስኩ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ መጣች፤ በየዓመቱ ለእሷ ስል በላሁ።

«ይህን ኃጢአት በአንቺ ስም ነው የማስጽፈው» እላታለሁ።

«ያስጽፉ አባባ፣ ብዕሩን እኔ አቀብላለሁ» ትለኛለች።

የጣቶቿ ጫፍ ከመወጋት ብዛት ደድሮ ነበር። ክሊኒክ ስሄድ መጀመሪያ የራሷን ጣት ትወጋና ቀጥላ የእኔን ወግታ «ማን በለጠ?» ትላለች። የእኔ ስኳር ከበለጠ «ማዛል ቶቭ፣ እንኳን ደስ አለዎት፣ አሸነፉ» ብላ እጄን ትጨብጣለች። ኪሷ ውስጥ ስኳሯ ሲወርድ የምትልሰው ከረሜላ አይጠፋም፤ የሚያለቅስ ሕፃን ካየች ግን ለእሱ ትሰጠዋለች። አንድ ቀን ክሊኒኩ ደረጃ ላይ ፊቷ አመድ መስሎ ቁጭ ብላ አገኘኋት። ከረሜላው አልቆባታል። ከኪዮስክ ጭማቂ ገዝቼ አጠጣኋት።

«ለማንም አይንገሩ አባባ» አለችኝ፤ «ነርሷ ታመመች ከተባለ በሽተኛው ይደነግጣል።»

አልተናገርኩም። ካለፈው ፋሲካ በኋላ ግን ኩላሊቷ እምቢ አለ... አረፈች።

ትናንት ስድስት ሰዓት ሲሆን ዳቦውን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ በሩን አየሁት። እጄ መንቀጥቀጥ ጀምሯል፣ ላብ አጥምቆኛል። ቁራሹን ወደ አፌ ባስጠጋው አልገባ አለኝ። እንግዳ የለማ... ለማን ብዬ ልብላ?

እሷ ስትመጣ ኖራለች፣ ዘንድሮ እኔ ልሂድላት ብዬ ተነሳሁ። ስኳሩ ለወረደበት ሽማግሌ ሞኝነት ነው፣ አውቃለሁ። አስፋልቱ ላይ ልጆች በብስክሌት ይከንፋሉ፤ ከእነሱ ሌላ ሰው የለም። እየቆምኩ፣ አጥር እየያዝኩ ሺምሾን ደረስኩ።

ሕንፃዋ ፊት ለፊት አግዳሚ ወንበር አለ። ማን ተቀምጦበታል? አያ ገዛኸኝ። ጸሎት ቤት ከፊት ረድፍ የሚቀመጠው፣ በየዓመቱ «ጾሙ እንደ ውሃ ፈሰሰልኝ» እያለ የሚያቃጥለኝ ገዛኸኝ።

«ጾሙ እንዴት ይዞሃል?» አልኩት አጠገቡ እየተቀመጥኩ።

«እንደ ጎረምሳ።»

«ነጠላህ ሥር ያለው ምንድን ነው?»

«የጸሎት መጽሐፍ።»

«መጽሐፍህ እንቁላል እንቁላል ይሸታል።»

ነጠላውን ሰብሰብ አድርጎ «ያንተስ?» አለኝ።

«የእኔ ዳቦ ነው» አልኩት። ለመዋሸትም ጉልበት ይጠይቃል።

ገዛኸኝ ወደ መስኮቷ ቀና ብሎ አየ። «ለእሷ ብዬ ነበር እኮ» አለ። «ስኳር ነበረባት። ብቻዬን መብላት ያሳፍረኛል ብላ መጣችብኝ። እንግዳ ብቻውን ይበላል? አራት ዓመት ለእሷ ስል ጾሜን ፈታሁ።»

ቃል በቃል የእኔን ነገር ነው ያወራው።

«አንተም ስኳር አለብህ?»

«ትንሽ።»

«ስኳር ትንሽ የለውም። በስንት ሰዓት ነበር የምትመጣልህ?»

«በአራት ሰዓት።»

መቼም አልዋሽም፣ ቀናሁ። በዚህ ዕድሜዬ ቀናሁ። እኔ ጋ በስድስት ሰዓት «ራበኝ» እያለች ስትገባ የገዛኸኝን እንቁላል በልታ ነው።

ገዛኸኝ ግን ሌላ ነገር እያሰበ ኖሯል። «ለምትበላው ሁሉ እኮ መርፌ ትወጋ ነበር» አለ ቀስ ብሎ።

እውነቱን ነው። አንዱን ለእሱ፣ አንዱን ለእኔ። ሌላ ስንት ሽማግሌ ቤት እንደገባች ማን ያውቃል? አስተናጋጁ እኔ ነኝ ስል፣ ለካ ታማሚው እኔ ነበርኩ።

«ብላ፣ እጅህ ይንቀጠቀጣል» አለኝ።

«ቅደም።»

«አንተ ቅደም፣ ታላቄ ነህ።»

«ታላቅህ የሆንኩት እዚህ አገር ስንገባ ኤርፖርት ላይ ዕድሜያችንን በጻፈችው ልጅ ስህተት ነው» አልኩት።

ሳቁን ዋጠና እንቁላሉን ለሁለት ከፈለው። ዳቦዬን ቆረስኩለት። ከዚያ እሱ ወደ መንገዱ፣ እኔ ወደ ሕንፃው ዞርን፤ ጀርባ ለጀርባ ሆነን በላን። ማንም ማንንም ሲያኝክ አላየም። ሲጨርስ ፍርፋሪውን ከነጠላው አራገፈ፣ «በል ደህና ዋል» አለኝ፣ ሄደ።

እጄ ሲረጋ ቤቴ ገባሁ። ስምንት ሰዓት ነበር። ተኛሁ፣ ተነሳሁ፣ መስኮት ላይ ቆምኩ... ፀሐይዋ ካለችበት ንቅንቅ አላለችም።

የጾምን ቀን የሚያረዝመው ረሃብ ነው ይላሉ። እኔ ግን በልቼም አልመሽ አለኝ።